አየሩ ራሱ ሲጫን፦ ጎባጣ እንጨት ለመሥራት የቫኩም መጭመቂያ ስንመርጥ

በኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ የሚኖሩ አንድ አባት ጽፈውልናል። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ አናጺ ነበሩ። ዛሬ የሚተዳደሩት በሌላ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ጋራዣቸው ውስጥ መጋዝ፣ መላጊያና ጥቂት ሞርሳዎች አሏቸው። የ16 ዓመት ልጃቸው ደግሞ በትምህርት ቤቷ የእንጨት ሥራ ትማራለች። አያቷ አብረዋቸው ይኖራሉ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዝቅ ካለው ሶፋ ላይ መነሳት ይከብዳቸዋል። ስለዚህ አባትና ልጅ ከፍ ያለ፣ ጀርባው ጎበጥ ብሎ ወገብ የሚደግፍ ወንበር ሊሠሩላቸው ተነስተዋል።

ደብዳቤው እንዲህ ይጠይቃል፦ «ጀርባውን ለማጉበጥ የቫኩም መጭመቂያ ጥሩ ነው አሉን። በእጅ የሚሠራ አለ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አለ፣ በኮምፕረሰር የሚሠራም አለ። ዋጋቸው በጣም ይለያያል። የትኛውን እንግዛ? ልጄ ከጨረሰች በኋላስ አዲስ አበባ ወርክሾፕ ላለው ወንድሜ ብልክለት ይሠራለታል?»

ሁለት ጥያቄ ይመስላል፤ መልሳቸው ግን የተያያዘ ነው። አውሮራም አዲስ አበባም ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ ለቫኩም መሣሪያ ደግሞ ከፍታ ትልቅ ጉዳይ ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን መሣሪያው ምን እንደሚሠራ እንይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው የማያስፈልገውን ኃይል በመግዛት ነው።

ጎባጣ እንጨት ከየት ይመጣል?

ጎባጣ ማለት ያልተቃና፣ እንደ ቀስት የታጠፈ ማለት ነው። እንጨትን ጎባጣ ለማድረግ አንዱ መንገድ መፈልፈል ነው። የጅማን በርጩማ አይታችሁ ይሆናል፤ መቀመጫውም ሦስቱ እግሮቹም ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው የሚወጡ ናቸው። ሌላው መንገድ እንጨቱን በእንፋሎት አለስልሶ ማጠፍ ነው። ሦስተኛው መንገድ የዛሬው ጉዳያችን ነው፤ እንጨቱን ስስ ስስ አድርጎ ሰንጥቆ፣ በመካከሉ ኮላ ቀብቶ፣ ደራርቦ በቅርጽ ማውጫ ላይ መጫን። ኮላው ሲደርቅ ድርብርቡ እንደታጠፈ ይቀራል።

ለምን ይህን ያህል እንደክማለን? ከወፍራም ጣውላ ላይ ጎባጣውን ቅርጽ በመጋዝ ቆርጦ ማውጣት አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ግን እንጨት በውስጡ እንደ ክር የሚሄዱ መስመሮች አሉት። ጎባጣውን በመጋዝ ስትቆርጡት ክሮቹ በመታጠፊያው ላይ ይቋረጣሉ፤ ወንበሩም አንድ ቀን በዚያ ቦታ ይሰበራል። ስስ እንጨቶችን ስታጎብጡ ግን ክሮቹ ከጎባጣው ጋር አብረው ይታጠፋሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍም ሳይቋረጡ ይሄዳሉ። በወንበሩ ላይ የሚቀመጡት አያት ስለሆኑ ይህ የውበት ብቻ ጉዳይ አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት እንለይ። ቬኒር የምንለው በጣም ስስ የእንጨት ልባስ ነው፤ አብዛኛው ከ1 ሚሊ ሜትር ይሳሳል። ርካሽ በሆነ ኮምፔርሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ ላይ ይለጠፍና ጠረጴዛው ሙሉ በሙሉ ከዋንዛ ወይም ከዋልነት የተሠራ ይመስላል። ለጎባጣ ድርብርብ የምንጠቀምበት ግን ወፈር ያለ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር። ቬኒር ሲለጠፍ የሚያስቸግረው ሰፊው ገጽ ሁሉ እኩል መጫን ስላለበት ነው። በጎባጣ ሥራ ደግሞ እንጨቱ ራሱ እየታገለ መቃናት ስለሚፈልግ ነው።

ኮላና ሞርሳ ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ቃላት ናቸው። ወላጆቻችሁ «ኮላ» ሲሉ ስለ መጠጥ እያወሩ ላይሆን ይችላል።

ታሪኩን በአጭሩ ልጥቀስ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ቻርልስና ሬይ ኢምስ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት በሎስ አንጀለስ አፓርታማቸው ውስጥ እንጨት ማጉበጫ መሣሪያ ሠርተው ነበር። ስሙን «ካዛም!» ብለውታል። ኮላ የተቀቡ ስስ እንጨቶችን በጄሶ ቅርጽ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ የጎማ ፊኛ በብስክሌት ፓምፕ እየነፉ እንጨቱን ያስጨንቁታል። ከዚያ ሙከራ በመነሳት ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የተሰበረ እግር መደገፊያ ከጎባጣ እንጨት ሠሩ፤ ከጦርነቱ በኋላም ዛሬ ድረስ የሚሸጡትን ወንበሮች። እነሱ አየር ወደ ውስጥ ነፉ፤ የቫኩም መጭመቂያ ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፣ አየር ያወጣል።

አየር ምን ያህል ይከብዳል?

ፓምፑ እንጨቱን አይጫነውም። ፓምፑ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከከረጢቱ ውስጥ አየር ያወጣል። የሚጫነው በውጭ ያለው አየር ነው። እኛ ሁልጊዜ በአየር ባሕር ሥር ነው የምንኖረው። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ይህ አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል ይጫናል። በውስጣችንም አየር ስላለ አይሰማንም። ከከረጢቱ ውስጥ አየሩ ሲወጣ ግን ሚዛኑ ይፈርሳል፤ ያ ሁሉ ክብደት እንጨቱ ላይ ይወርዳል።

የወንበሩ ጀርባ 40 በ90 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ይህ 3,600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። መካከለኛ ፓምፕ ከአየሩ 85 ከመቶውን ቢያወጣ፣ በባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ ወደ 31 ኩንታል የሚጠጋ ጭነት ይገኛል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ሠላሳ አንድ ኩንታል ጤፍ በወንበር ጀርባ ላይ እኩል ተዘርግቶ አስቡት። በሞርሳ ይህን ያህል እኩል የተሰራጨ ጭነት ለማግኘት ሁለት ገጽ ያለው ቅርጽ ማውጫና ብዙ ሞርሳ ያስፈልጋል። በቫኩም ግን አንድ ገጽ ብቻ በቂ ነው፤ ሁለተኛውን ገጽ አየሩ ራሱ ይሆናል።

ቁጥሩ ትልቅ ቢሆንም በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ሲታይ ግን ከ1 ኪሎ አያልፍም። ጥሩ ሞርሳ በትንሽ ቦታ ላይ ከዚህ እጅግ የበለጠ ይጫናል። ስለዚህ ቫኩም ወፍራም፣ ግትር እንጨት በጉልበት አያጎብጥም። ቀላል ፈተና አለ፦ ስሱን እንጨት ያለ ኮላ በቅርጽ ማውጫው ላይ አድርጋችሁ በሁለት እጃችሁ ተጫኑት። በቀላሉ ቅርጹን ከያዘ ቫኩሙም ይችለዋል። እየታገላችሁ ካስገባችሁት ደግሞ አሳሱት። ሦስት ሚሊ ሜትር ካስቸገረ ወደ ሁለት ውረዱ። ስስና ብዙ ድርብ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ መልሶ የሚቃናው መጠን ያንሳል።

ሦስቱ መሣሪያዎች

በእጅ የሚሠራው በጣም ርካሹ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ያለው ሮሮኪት የተባለ ድርጅት ልጆች የስኬትቦርድ ጣውላ በራሳቸው እንዲሠሩ ያዘጋጀው ዕቃ ይህን ይመስላል፤ ከረጢት፣ አየር የሚያሳልፍ መረብ፣ የሚለጠፍ ማሸጊያ፣ በእጅ የሚሳብ ትንሽ ፓምፕ። ድምፅ የለውም፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ የ12 ዓመት ልጅም ታንቀሳቅሰዋለች። ችግሩ ሌሊት ላይ ነው። ከረጢቱ ትንሽ ካስተነፈሰ ተነስቶ ደግሞ የሚስብ ሰው ያስፈልጋል። ኮላው በፍጥነት የሚደርቅ ከሆነ ይህ ቀላል ነው፤ ለወንበር የምመክረው ኮላ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይፈልጋል።

በኮምፕረሰር የሚሠራው ቬንቱሪ ይባላል። ከጣት የማይበልጥ የብረት ዕቃ ነው፤ በውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ አያረጅም ማለት ይቻላል። ከኮምፕረሰር የመጣ አየር በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ በፍጥነት ሲያልፍ ግፊቱ ይቀንሳል፤ በዚያ ቦታ በጎን የተከፈተው ጎማ ከከረጢቱ አየር ይስባል። ዋጋው አነስተኛ ነው። ይሁን እንጂ ኮምፕረሰሩ ይደክማል። በሚስማር መምቻ መጠን የተሠራ ትንሽ ኮምፕረሰር ለቬንቱሪ ሌሊቱን ሙሉ አየር ሲመግብ ይግላል፤ ጎረቤትም አያስተኛም። ቬንቱሪ የምትገዙ ከሆነ ከረጢቱ በቂ ቫኩም ሲይዝ አየሩን ራሱ የሚዘጋ ዓይነት ይሁን። ያለዚያ አትግዙት።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ የፍሪጅና የአየር ማቀዝቀዣ ጥገና ፓምፖች ናቸው። በዘይት የሚሠሩ ሲሆኑ እጅግ ጥልቅ ቫኩም ይፈጥራሉ፤ አየሩን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያወጡታል። ማስታወቂያው ይህን ሲያደንቅ ጥሩ ይመስላል። ለእንጨት ግን ከ85 ከመቶ ወደ 99 ከመቶ ማለፍ የሚጨምረው ጭነት ትንሽ ነው፤ ችግር ግን ያመጣል። ውኃ በጥልቅ ቫኩም ውስጥ በክፍሉ ሙቀት ብቻ ይፈላል። ኮላው ውኃ ካለበት አረፋ ሊያወጣ ይችላል። በዚያ ላይ እነዚህ ፓምፖች ብዙ አየር ሲያልፍባቸው የዘይት ጭስ ይተፋሉ። የታሸገ ጋራዥ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ እንዲሠሩ አልመክርም፤ ከጋራዡ በላይ የሚተኛ ሰው ካለማ ጨርሶ አይሆንም።

የተሻለው ዘይት የሌለው ፓምፕ ነው፤ በፒስተን ወይም በጎማ ሽፋን የሚሠራ። እነዚህ ወደ 85 ከመቶ ይደርሳሉ፤ እኛ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። በደቂቃ የሚስቡት አየር ብዙ ላይሆን ይችላል። ለትልቅ ጠረጴዛ ቬኒር ይህ ያስቸግራል፤ ከረጢቱ እስኪጠብቅ ኮላው መድረቅ ይጀምራል። ለወንበር ጀርባ ግን ከረጢቱ ትንሽ ስለሆነ፣ መጀመሪያም አየሩን በእጅ ገፍታችሁ ስለምታወጡት፣ ትንሹ ፓምፕ ይበቃል።

ከፓምፑ ጋር ሁለት ነገሮች አብረው መኖር አለባቸው። አንደኛው አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ ነው። ሁለተኛው ቫኩሙ ሲበቃ ፓምፑን አጥፍቶ፣ ሲቀንስ ደግሞ የሚያበራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ይህ ካለ ፓምፑ በሰዓት ጥቂት ጊዜ ብቻ ተነስቶ ይተኛል። ቤተሰቡም ይተኛል።

ከፍታው

አሁን ወደ አውሮራ እንመለስ። የቫኩም ጌጅ ብዙውን ጊዜ በኢንች ሜርኩሪ ይቆጥራል። በባሕር ወለል ላይ ሙሉ ቫኩም ወደ 30 ኢንች ይደርሳል። አውሮራ ግን ወደ 1,650 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፤ በላይዋ ያለው አየር ስስ ነው። እዚያ የዓለም ምርጥ ፓምፕ እንኳ ጌጁን ከ24 ኢንች ተኩል አያሳልፈውም። አዲስ አበባ ከዚያም ትበልጣለች፤ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ። እዚያ መጨረሻው 22 ኢንች ተኩል ያህል ነው።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? ፋብሪካው ማብሪያ ማጥፊያውን በ25 ኢንች እንዲያጠፋ አስተካክሎ ልኮ ቢሆን፣ ፓምፑ በአውሮራ 25 ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ አይጠፋም። ሌሊቱን ሙሉ እየጋለ ይሠራል፣ ይቃጠላልም። ገዢው «ከረጢቴ ቀዳዳ አለው» ብሎ ሁለት ቀን ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል፤ ቀዳዳው ግን የለም። ስለዚህ ለሻጩ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ፈረስ ጉልበት አይሁን። «ማብሪያ ማጥፊያውን እኔ ራሴ ዝቅ ማድረግ እችላለሁ?» ይሁን። አይቻልም ካሉ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

በባሕር ወለል ላይ 25 ኢንች ተኩል የሚደርስ ፓምፕ በአውሮራ 21 ያህል፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 19 ያህል ይደርሳል። ለአውሮራ በ20 እንዲጠፋ፣ በ17 እንዲነሳ ቢስተካከል ጥሩ ነው። ለአዲስ አበባ በ18 ይጥፋ፣ በ15 ይነሳ። የጭነቱ ነገር አያስፈራችሁ። በአውሮራ የዚያው ወንበር ጀርባ 26 ኩንታል፣ በአዲስ አበባ ወደ 24 ኩንታል ይጫነዋል። እንጨቱ ስስ ከሆነ በቂ ነው። ግን ዱባይ ወይም ቨርጂኒያ ያለ ሰው በ3 ሚሊ ሜትር የሠራውን አዲስ አበባ ያለው ሰው በ2 ሚሊ ሜትር ቢሠራው ይሻላል።

ከረጢቱና በውስጡ ያለው

ገንዘብ ካነሰ ከፓምፑ ቀንሱ እንጂ ከከረጢቱ አትቀንሱ። ሁለት ዓይነት ከረጢት በብዛት አለ። ቪኒል ርካሽ ነው፤ ለጠፍጣፋ ጠረጴዛ ይበቃል፤ ግን ደረቅ ያለ ነው፣ በብርድም ይብሳል። ፖሊዩሪቴን ውድ ነው፤ እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ ጎባጣውን ተከትሎ ይጣበቃል፣ በቀላሉም አይቀደድም። ለወንበር ጀርባ ፖሊዩሪቴን ነው የምመርጠው፤ 0.75 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቢሆን ደግሞ ዓመታት ያገለግላል።

መጠኑን ከማዘዛችሁ በፊት ቅርጽ ማውጫውን ለኩ እንጂ ወንበሩን አይደለም። ቅርጽ ማውጫው 45 በ95፣ ከፍታው 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በወርዱ ዙሪያውን ስትለኩት 120 ይመጣል። ግማሹ 60 ነው፤ ጨርቁ ዘና እንዲል 20 ጨምሩ፣ ከረጢቱ 80 ሴንቲ ሜትር ወርድ ይኑረው። በርዝመቱ ደግሞ 95 ላይ ከፍታውን 15 ጨምሩ፤ ለመዝጊያው ደግሞ 25። 135 ሆነ። በገበያ ላይ የተለመደው 122 በ122 የሆነ ከረጢት ሰፊ ይመስላል፤ ለዚህ ሥራ ግን አጭር ነው። ጠባብ ከረጢት በጎባጣው ጉድጓድ ላይ እንደ ድልድይ ተወጥሮ ይቀራል። ከሥሩ ያለው እንጨት ሳይጫን ያድራል፤ ኮላውም እዚያ ቦታ ላይ ክፍት ይሆናል።

ቅርጽ ማውጫው ድፍን ይሁን። አባትየው «ሣጥን ሠርቼ ላዩን ባጎብጠውስ?» ብለዋል። ባዶ ሣጥን ከረጢት ውስጥ ከገባ 26 ኩንታል በላዩ ይወርድበታል፤ እንደ ካርቶን ይጨፈለቃል። የኤምዲኤፍ ቁራጮችን በተመሳሳይ ቅርጽ ቆርጦ፣ እንደ ዳቦ ቁራሽ ጎን ለጎን አጣብቆ ድፍን ማድረግ ነው። ማዕዘኖቹን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት አድቦልቡሉ፤ ሹል ነገር ከረጢት ይበሳል። ላዩን በሰም ወይም በላስቲክ ሸፍኑ፤ ያለዚያ ወንበሩና ቅርጽ ማውጫው አንድ ሆነው ይቀራሉ።

በእንጨቱና በከረጢቱ መካከል መረብ ይደረጋል። ጥቅሙ አየሩ ከየጥጉ ወጥቶ ወደ ፓምፑ የሚሄድበት መንገድ መስጠት ነው። መረብ ከሌለ ከረጢቱ በጎማው አፍ ላይ ወዲያው ይጣበቅና የተቀረው አየር ታስሮ ይቀራል። የመረቡ ምልክት በእንጨቱ ላይ እንዳይቀር በመካከሉ ስስ ኮምፔርሳቶ ጣል አድርጉ።

ኮላው

ይህን ለማንም ወጣት አናጺ ደጋግሜ እላለሁ፦ የተለመደው ነጭ ወይም ቢጫ ኮላ ለቬኒር ጠረጴዛ መልካም ነው፤ ለጎባጣ ወንበር ግን አይመቸኝም። ደርቆም ቢሆን ትንሽ ልስላሴ ይቀረዋል። የታጠፉት እንጨቶች መቃናት ስለሚፈልጉ በወራት ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ወንበሩ ዛሬ ጥሩ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ጀርባው ይቃናል። በዚያ ላይ ነጭ ኮላ የሚደርቀው ውኃው ሲወጣ ነው፤ በታሸገ ከረጢት ውስጥ ውኃው የት ይሄዳል? ወደ እንጨቱ ብቻ፤ ስለዚህ ይዘገያል።

ለወንበር የሚሻለው ደርቆ ድንጋይ የሚሆነው ነው። አንዱ ዩሪያ ፎርማልዲሃይድ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ለመደራረብ ጊዜ ይሰጣል፣ በደንብም ይይዛል። ነገር ግን ፎርማልዲሃይድ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ተመድቧል። በር ተከፍቶ፣ ጓንት ተደርጎ፣ ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማስክ ተለብሶ የሚሠራ ነው። ሌላው ኢፖክሲ ነው፤ ይወደዳል፣ ግን ብዙ ጭነት አይፈልግም፣ ትንሽ ክፍተትም ይሞላል። ልጅቷ 16 ዓመቷ ስለሆነ፣ ሥራውም ከቤት ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ ስለሆነ፣ እኔ ብሆን ኢፖክሲውን ገዝቼ ልዩነቱን እከፍላለሁ። ለኢፖክሲም ጓንት ግድ ነው፤ ቆዳን ያስቆጣል። ሁለቱም በብርድ አይደርቁም ማለት ይቻላል። የኮሎራዶ ጋራዥ በክረምት ይቀዘቅዛል፤ ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ከሆነ ክፍሉን አሙቁት ወይም ፀደይን ጠብቁ።

ኮላ ከመቅባታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ሁሉንም በደረቁ ሞክሩት። እንጨቱን አስገቡ፣ ከረጢቱን ዝጉ፣ ፓምፑን አብሩ፣ ጌጁ የፈለጋችሁበት ሲደርስ አጥፉና ግማሽ ሰዓት ተመልከቱ። ጌጁ ቶሎ የሚወርድ ከሆነ ጆሯችሁን ወደ መዝጊያው አስጠጉ፤ ፉጨት ትሰማላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ መዝጊያው ውስጥ የገባ እጥፋት ነው። በቤቱ ትናንሽ ልጆች ካሉ ከረጢቱ ከሥራ በኋላ ተጠቅልሎ ከፍ ያለ ቦታ ይሰቀል። ትልቅ የላስቲክ ከረጢት መጫወቻ አይደለም።

ታዲያ የቱን?

መጀመሪያ የልጅቷን መምህር ጠይቁ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ይህ መሣሪያ አላቸው። ከሌለ፣ እቅዱም አንድ ወንበር ብቻ ከሆነ፣ ባለ ሁለት ገጽ ቅርጽ ማውጫ ሠርታችሁ ሞርሳ ተዋሱ እንጂ ምንም አትግዙ። ብዙ መቶ ዶላር ለአንድ ጀርባ አይከፈልም። ነገር ግን ልጅቷ ከዚህ በኋላም ልትሠራ የምትፈልግ ከሆነ፣ እንደ ደብዳቤው አስቀድማ አራት ወንበር ስላ ጨርሳለች፣ ጥሩ የፖሊዩሪቴን ከረጢትና ዘይት የሌለው ትንሽ ፓምፕ ይግዙላት፤ ማብሪያ ማጥፊያው የሚስተካከል ይሁን። ፓምፑ ያገለገለ ቢሆን ግድ የለም። ከረጢቱ ግን አዲስ ይሁን።

ወደ አዲስ አበባ የሚላከውስ? ፓምፑን አይላኩት። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል፤ ኸርዙን ግን አይነካውም። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ሞተር በ50 ሲሠራ ይዘገያል፣ ይግላልም። ወንድምዎ ቀለም የሚረጩበት ኮምፕረሰር ወርክሾፓቸው ውስጥ ካለ፣ የሚሻላቸው ቬንቱሪው ነው። ሞተር የለውም፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ መብራት ቢጠፋም ከረጢቱ በቫልቩ ተዘግቶ ይቆያል፤ በኮምፕረሰሩ በርሜል የቀረው አየርም ደግሞ ለመሳብ ይረዳል። ከረጢት፣ መረብ፣ ቬንቱሪና ጌጅ አንድ ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ። አየሩን የሚዘጋው በ18 ኢንች ላይ እንዲሆን ያስተካክሉት። የግድ ፓምፕ መላክ ካለብዎ ከመግዛትዎ በፊት በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ «50/60» የሚል ካለና ቮልቱ 220 የሚጨምር ከሆነ ይሠራል።